የሌሊቱ ሥራ በጽሑፍ፤ የኮምፒዩተር ሥራን በጊዜና በቅደም ተከተል የመወሰን ታሪክ

አንድ ባንክ ወደ ማታ በሩን ሲዘጋ የዕለቱ ሥራ ተፈጸመ ማለት አይደለም። ገንዘብ ከፋዮቹና ተቀባዮቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ የኮምፒዩተሩ ሥራ ይቀጥላል። በቀን የተደረገው ገቢና ወጪ ይመዘገባል፤ ምዝገባው ከመዝገቡ ጋር ይታረቃል፤ ወለድ ይሰላል፤ ለነገ የሚያስፈልገው ዝርዝር ይዘጋጃል፤ በመጨረሻም የሁሉ ቅጂ ተወስዶ ይቀመጣል። እነዚህ ሥራዎች በአንድ ትልቅ ባንክ ውስጥ በሺህ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ አንዱም ከሌላው መቅደም ወይም መከተል አለበት። ወለዱ ምዝገባው ሳያልቅ ቢሰላ ስሕተት ነው፤ ቅጂውም ከዕርቁ በፊት ቢወሰድ የማይረባ ነው። እንግዲህ ለመሆኑ ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቀው ማን ነው? የትስ ተጽፎ ይገኛል?

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ባለፉት 70 ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተለውጧል። ዕውቀቱ በመጀመሪያ በኦፕሬተሩ ራስ ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎ በካርድ ላይ ተበሳ፤ ከዚያም በትእዛዝ መስመር የሚገባ ጽሑፍ ሆነ። ዛሬ የሥራ ፍሰትን የሚመሩት ሶፍትዌሮች ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል በስክሪን ላይ እያሳዩ ቢቀርቡም ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለው አሁንም ጽሑፍ ነው። በየደረጃው ወደ ጽሑፍ የተዛወረው የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ዕውቀት ስለሆነ ይህ ታሪክ ከመሣሪያው ይልቅ የሙያተኛው ታሪክ ነው ለማለት ያስደፍራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተርን የሚጠቀም አንድ መሐንዲስ ሰዓት አስመዝግቦ፣ ተራው ሲደርስ ካርዱን ተሸክሞ ወደ መሣሪያው ክፍል ይገባ ነበር። ካርዱን ያስነብባል፣ ቴፑን ይሰቅላል፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ያስተካክላል፣ ውጤቱን ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኪራዩ እጅግ ውድ የሆነው መሣሪያ በዚህ መካከል ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ይህ ብክነት ያሳሰባቸው የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍልና የኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ባለሙያዎች ተባብረው በ1956 ለአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር አንድ ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ በቴፕ ላይ የተሰለፉትን ሥራዎች አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስከተለ ያስኬድ ነበር። ከኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው።

ዳሩ ግን መሣሪያው ተራ ማስከተልን ተማረ እንጂ ተራውን ማውጣትን አልተማረም። የትኛው ሥራ ከየትኛው በፊት በቴፑ ላይ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነበር። ኦፕሬተሮች ይህን በደብተር ላይ ይጽፉ ነበር፤ የደመወዙ ሥራ ካለቀ በኋላ ይህን ቴፕ ስቀል፣ የወሩ መጨረሻ ከሆነ ይህንንም ጨምር፣ ሥራው ከተሰናከለ ለእገሌ ደውል የሚል ዓይነት መመሪያ ነው። ደብተሩ የተጻፈው ለሰው ዓይን ስለሆነ ብዙ ነገር ሳይጻፍ ይታለፋል። አንባቢው ያውቀዋልና።

አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ይፋ አደረገ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በ1966 ለተጠቃሚዎች ሲደርስ ከእርሱ ጋር ጄሲኤል የተባለ የሥራ መቆጣጠሪያ ቋንቋ አብሮ ወጣ። የዚህ ቋንቋ መስመር ሁሉ በሁለት ያዘመሙ ሰረዞች ይጀምራል። ዋና ዋናዎቹ ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ሥራውን በስሙ ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው የሚሄደውን ፕሮግራም ይጠራል፤ ሦስተኛው ፕሮግራሙ የሚያነበውና የሚጽፈው መረጃ የት እንደሚገኝ ያመለክታል። ሦስት ቃል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሦስተኛው ቃል ሥር የሚዘረዘሩት መለያዎች ብዛት፣ የኮማውና የባዶ ቦታው ጠባይ፣ ባለ 80 ዓምዱ ካርድ ሲሞላ ወደሚቀጥለው የሚሻገርበት ሥርዓት፣ ይህ ሁሉ ተደማምሮ አያሌ ፕሮግራመሮችን ለረጅም ዘመን አስመርሯል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ሥራ ሲሰናከል ምን ይደረግ ለሚለው የተሰጠው መልስ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያበቃ አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ 0 ከሆነ መልካም ነው፣ 4 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ ስሕተት ነው ማለት በልማድ የተወሰደ ነው። ተከታዩ ደረጃ ይህን ቁጥር አይቶ ይሄዳል ወይም ይታለፋል። ሆኖም በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቅድመ ሁኔታ ደረጃው የሚሄድበትን ሳይሆን የሚታለፍበትን የሚናገር ነው። ቅድመ ሁኔታው እውነት ከሆነ ሥራው ይቀራል። በዚህም ላይ የሚጻፈው ቁጥር በግራ፣ የተመለሰው ቁጥር በቀኝ ሆኖ ስለሚነጻጸር፣ አንባቢው ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ በአእምሮው መገልበጥ ነበረበት። ሰው በተፈጥሮው፣ ይህ ከተሳካ ያን አድርግ ብሎ ያስባል፤ ካርዱ ግን፣ ይህ ከዚያ ካነሰ አታድርግ ይላል። በኋላ ዘመን ይህን የሚተካ ግልጽ አጻጻፍ በቋንቋው ላይ ተጨምሯል፤ የቀድሞውም አልተሻረም።

የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሥራ በኃላፊነት የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ፣ በኋላ ዘመን ስለዚህ ቋንቋ ሲናገር በማንም በየትም ከተሠሩት የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ሁሉ የከፋ ነው ብሎታል፤ የተሠራውም በእርሱ አመራር ሥር መሆኑን አልደበቀም። የስሕተቱን ምክንያት ሲያስረዳም ሠሪዎቹ ቋንቋ እየሠሩ መሆናቸውን አለማወቃቸው ነው አለ። በፕሮግራሙ ፊት የሚቀመጡ ጥቂት የመቆጣጠሪያ ካርዶች ናቸው ብለው ጀመሩ፤ ካርዶቹ ግን በየጊዜው ተጨማሪ ጉዳይ እየተጫነባቸው ሳይታሰብ ቋንቋ ሆኑ። ይህ አስተያየት ለጄሲኤል ብቻ የሚነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሥራን በጊዜ ለመወሰን የወጡት አጻጻፎች አብዛኞቹ የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ያም ሆኖ ጄሲኤል አንድ ትልቅ ነገር አደረገ። ቀድሞ በኦፕሬተሩ እጅና ዓይን ይፈጸም የነበረው፣ ይህ ፕሮግራም ይህን ቴፕ ይፈልጋል የሚለው ዕውቀት፣ መሣሪያው ራሱ በሚያነበው ጽሑፍ ላይ ሰፈረ። በጎማ የታሠረው የካርድ ጥቅል ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው የሚተላለፍ፣ በመሳቢያ የሚቀመጥ፣ ሊነበብና ሊታረም የሚችል ነገር ሆነ። በመሠረቱ ያልያዘው ግን መቼን ነው። አንዱ ደረጃ ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ ሥራ ውስጥ ይገልጻል፤ ይህ ሥራ በየወሩ መጨረሻ ይሂድ፣ ከዚያኛው ሥራ በኋላ ይሁን ለማለት ግን ደብተሩ እንደገና መገለጥ ነበረበት። ይህን ክፍተት የሞሉት ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው። በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩቲንግ ኩባንያ ዩሲሲ-7 የተባለውን የሥራ ሰሌዳ አውጪ ሶፍትዌር ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው በ1987 በኮምፒዩተር አሶሼትስ ሲገዛ የሶፍትዌሩ ስም ሲኤ-7 ሆነ። በእስራኤል አገር የተሠራው ኮንትሮል-ኤም ደግሞ በ1999 ወደ አሜሪካው ቢኤምሲ እጅ ገባ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ።

በሌላ በኩል በቤል ላቦራቶሪ የተወለደው ዩኒክስ ነገሩን ከተቃራኒው አቅጣጫ ያዘው። ጄሲኤል መቼን ሲዘነጋ ዩኒክስ ከመቼ ሌላ ምንም አልጠየቀም። በ1979 በወጣው ሰባተኛ እትም ውስጥ ክሮን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ስሙ ጊዜ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ፕሮግራሙ በየደቂቃው እየነቃ አንድ ፋይል ያነባል። በፋይሉ ውስጥ በእያንዳንዱ መስመር አምስት የጊዜ መስኮችና አንድ ትእዛዝ ተጽፈዋል። መስኮቹ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን ናቸው፤ ኮከብ ምልክት የተቀመጠበት መስክ ማናቸውም ይሁን ማለት ነው። ጊዜው ከሰዓቱ ጋር ሲገጥም ትእዛዙ ይፈጸማል። በቃ ይህ ነው። ከአንድ ፋይል ለሁሉ ወደ አንድ ፋይል ለየተጠቃሚው ለመሸጋገር ጥቂት ዓመታት ወሰደ፤ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራና የሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ ዝግጅት መንገዱን ከፈቱ፤ ፖል ቪክሲ በ1987 ያወጣው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ተስፋፋ።

ይህ አጭር አጻጻፍ እጅግ የሚወደድ ቢሆንም ወጥመድ አላጣም። የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን ሁለቱም ከተጻፉ፣ ሁለቱ በአንድነት ሲገጥሙ ሳይሆን ከሁለቱ አንዱ ሲገጥም ሥራው ይሄዳል። ፋይሉን ለማረም የሚጻፈው ፊደልና ፋይሉን ለመደምሰስ የሚጻፈው ፊደል በእንግሊዝኛው የፊደል ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ በተለመደውም አሠራር መደምሰሻው ከመደምሰሱ በፊት አይጠይቅም። ለኢትዮጵያዊ ሙያተኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ሰኞ የተሠራው ሒሳብ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲዘጋ የፈለገ ሰው፣ በሰዓቱ መስክ 2፣ በደቂቃው መስክ 30 ብሎ መጻፉን አይስትም። የሳምንቱን ቀን ግን በልማድ ሰኞ ብሎ ቢጽፍ ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞ፣ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ይሄዳል። በእኛ አገር ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በመሣሪያው ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተለውጧል።

የክሮን ዋነኛ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ክሮን ሰዓትን ያውቃል እንጂ ሌላውን ሥራ አያውቅም። አንድ የምዝገባ ሥራ እንደ ወትሮው 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። የሚከተለው የወለድ ሥሌት ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲጀመር ይጻፋል፤ 20 ደቂቃው መጠባበቂያ ነው። ይህ ለ29 ቀን ይሠራል። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ሲበዛ ምዝገባው አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅና ወለዱ በተጋመሰ መዝገብ ላይ ይሰላል። ማንም ትእዛዝ አልተሰናከለም፤ ሁለቱም ሥራዎች መልካም ቁጥር መልሰዋል፤ ውጤቱ ግን ስሕተት ነው። በደብተሩ ዘመን የነበረው ኦፕሬተር የፊተኛው ሥራ ሳያልቅ የኋለኛውን አይጀምርም ነበር። በክሮን ላይ በሰዓት የተጻፈው የዚያ ሰው ፍርድ ሳይሆን ግምቱ ብቻ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንኮችና ኩባንያዎች ሥራቸውን ከትልልቆቹ የአይቢኤም መሣሪያዎች ወደ ብዙ ዩኒክስ ኮምፒዩተሮች ማዛወር ሲጀምሩ ይህ ጉድለት የዕለት ተዕለት ችግር ሆነ። አንዱ ሥራ በአንድ ኮምፒዩተር፣ ተከታዩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ክሮን ምንም ሊረዳ አይችልም። አውቶሲስ የተባለው ሶፍትዌር ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነበር። ሠሪው ኩባንያ በ1995 በፕላቲነም ቴክኖሎጂ፣ ፕላቲነምም በ1999 በኮምፒዩተር አሶሼትስ፣ ይኸኛውም በ2018 በብሮድኮም ተገዛ። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ሲለዋወጥ ሥራ የሚጻፍበት ቋንቋ በመሠረቱ ሳይለወጥ ቆየ። ይህ ቋንቋ ጂል ይባላል።

ጂል ሲነበብ ከጄሲኤል ጋር ምንም የሥጋ ዝምድና ያለው አይመስልም። እያንዳንዱ መስመር አንድ ባሕርይና አንድ ዋጋ ይይዛል፤ በመካከላቸው ሁለት ነጥብ አለ። ኢንሰርት ጆብ የሚለው የመጀመሪያው መስመር ለአዲሱ ሥራ ስም ይሰጣል። ቀጥሎ የሥራው ዓይነት ይጻፋል፤ ትእዛዝ፣ ሌሎች ሥራዎችን የሚይዝ ሣጥን፣ ወይም አንድ ፋይል እስኪመጣ የሚጠብቅ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሚፈጸመው ትእዛዝ፣ የሚፈጸምበት ኮምፒዩተር፣ የባለቤቱ ስም፣ የሚሄድበት ቀንና ሰዓት ይከተላሉ። ሥራው የሚናገረው ነገር በየትኛው ፋይል እንደሚጻፍ፣ ቢሰናከል ማስጠንቀቂያ ይሰማ እንደሆነ፣ ከስንት ደቂቃ በላይ ቢቆይ አጠራጣሪ እንደሚሆን ማመልከት ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ቅድመ ሁኔታ የሚለው መስመር ነው፤ እዚህ ላይ የወለዱ ሥራ የምዝገባው ሥራ ሲሳካ ይጀመር ተብሎ በቀጥታ ይጻፋል። መገልበጥ የለም። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ሲያበቃ ጂል በሚባለው ትእዛዝ ይነበባል፤ ትእዛዙም ስሕተቱን መርምሮ የተስተካከለውን ወደ መረጃ ቋቱ ያስገባል።

ቃላቱ በጥንቃቄ የተመረጡ መሆናቸው በሥራ ላይ ይታያል። አስገባ የሚለው ትእዛዝ በዚያ ስም ሥራ ካለ እምቢ ይላል፤ ባለማወቅ የሌላውን ሰው ሥራ መደምሰስ አይቻልም። አሻሽል የሚለው የተጻፉትን ባሕርያት ብቻ ለውጦ ሌላውን እንደነበረ ይተዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚል ትእዛዝም አለ፤ ሥራው በሚቀጥለው ጉዞው ብቻ በተለየ መንገድ እንዲሄድና ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው የተፈጠረው የሌሊት ሠራተኛን ጠባይ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ መሆን አለበት። ለዛሬ ብቻ ተብሎ የተለወጠ ነገር ነገ ሳይመለስ የሚቀር መሆኑ በየትም መሥሪያ ቤት የታወቀ ነው።

ሥራን ማቆም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ማገድ ሲሆን ሁለተኛው በበረዶ ላይ ማስቀመጥ ይባላል። የታገደ ሥራ ራሱም አይሄድም፣ የሚከተሉትም ቆመው ይጠብቁታል። በበረዶ ላይ የተቀመጠ ሥራ ራሱ አይሄድም እንጂ ተከታዮቹ ቅድመ ሁኔታቸው እንደተሟላ ቆጥረው ያልፋሉ። እገዳው ሲነሣ ጊዜውና ሁኔታው ከተሟላ ሥራው ወዲያው ይጀመራል፤ ከበረዶው የወረደው ግን የሚቀጥለውን ተራ ይጠብቃል። በቃል ሲነገር ሁለቱም ይህን ሥራ አቁመው ከሚል አይለፉም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በስልክ እንዲህ የተባለ ኦፕሬተር የትኛውን መምረጥ እንዳለበት ካልተረዳ፣ ወይ ተከታዮቹን ሥራዎች ሁሉ እስኪነጋ ያስቆማል፣ ወይም ያልተጠናቀቀ መረጃ ወደ ፊት እንዲያልፍ ይፈቅዳል።

ቅድመ ሁኔታውም ቢሆን ግልጽ መስሎ የሚያሳስት ጎን አለው። ምዝገባው ሲሳካ የሚለው ጽሑፍ መቼ ሲሳካ እንደሆነ አይናገርም። ሶፍትዌሩ የሚያየው በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተመዘገበውን የመጨረሻ ሁኔታ ነው። የዛሬው ምዝገባ በአንድ ምክንያት ገና ካልተጀመረ ተመዝግቦ የሚገኘው የትናንቱ ስኬት ይሆናል። በሰዓት እንዲነሣ የተጻፈው የወለድ ሥራ ሰዓቱ ሲደርስ ቅድመ ሁኔታውን ይመለከታል፣ ተሳክቷል የሚል ያገኛል፣ ይጀምራልም። በኋለኞቹ እትሞች ስኬቱ በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ የተገኘ ይሁን ብሎ መጻፍ ተቻለ። ምዝገባው አልቋል ተብሎ የተነገረው የቀድሞው ኦፕሬተር ግን የዛሬው ነው ወይስ የትናንቱ ብሎ አይጠይቅም ነበር። ለሰው ይህ ጥያቄ አይደለም፤ መሣሪያው ግን የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው።

በዚሁ ዘመን የወጣው ማኤስትሮ ሌላ መንገድ መረጠ። ሠሪው ዩኒሰን ሶፍትዌር በ1997 የአይቢኤም ወገን በሆነው ቲቮሊ ተጠቅልሏል። ስሙ የሙዚቃ መሪ ማለት ሲሆን በትእዛዝ መስመር ሥራ የሚጻፍበት ፕሮግራም ኮምፖዘር፣ ማለትም የዜማ ደራሲ፣ የዕለቱ ዕቅድ የተጻፈበት ፋይል ደግሞ ሲምፎኒ ይባላል። ሠሪዎቹ ቀልድ የሚወዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። የአሠራሩ ልዩነት ግን ቀልድ አይደለም። በአውቶሲስ የተለወጠ ጽሑፍ ወዲያው በሥራ ላይ ይውላል። በማኤስትሮ ግን የተጻፈው ወደ መረጃ ቋት ይገባና ሶፍትዌሩ በየቀኑ አንድ ጊዜ ከዚያ የዕለቱን ዕቅድ ያወጣል፤ ዕቅዱ ከወጣ በኋላ በኮምፖዘር የተደረገ ለውጥ ለሚቀጥለው ዕቅድ ነው። የትናንቱ ዕቅድ የትናንት ስለሆነ ከዛሬው ጋር አይደባለቅም። በሌላ በኩል አስቸኳይ እርማት ያስገባ ሰው ሌሊቱ ለምን በአሮጌው አኳኋን እንደሄደ ሲገረም ሊያድር ይችላል።

የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊያመሰግኑት የሚገባው የስም ቀን መቁጠሪያ የሚባለውን ነው። በክሮን የወር መስክ ከ1 እስከ 12 ያለው ቁጥር ብቻ ይጻፋል፤ ለጳጉሜን ቦታ የለም። የኢትዮጵያን ወር መጨረሻ በአምስቱ መስኮች መግለጽም አይቻልም። መስከረም 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ኦክቶበር 11 ቀን 2023 ዋለ፤ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ኦክቶበር 10 ቀን 2024 ነበር። ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል፤ የበጀት ዓመቱ መባቻ ሐምሌ 1 ቀን ግን ምንጊዜም ጁላይ 8 ነው። በአውቶሲስና በመሰሎቹ ቀኖቹን አንድ በአንድ በጽሑፍ ፋይል ዘርዝሮ ስም በመስጠት ወደ ቋቱ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሥራው ጽሑፍ ቀንን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን ስም ይጠራል። የበዓል ቀኖችም በሌላ ስም ተዘርዝረው በእነዚያ ቀናት አትሂድ ይባላል። እንደ ፋሲካና እንደ ኢድ ያሉ በየዓመቱ የሚዘዋወሩ በዓላትን ለመያዝ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ዝርዝሩ ያልቃል። የሚቀጥለው ዓመት ቀኖች በወቅቱ ካልተጨመሩ ሥራው ያለ ምንም ስሕተት፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መሄዱን ያቆማል።

ለመሆኑ ስክሪንና ማውዝ ከመጡ በኋላ የትእዛዝ መስመሩ ለምን አልጠፋም? አንድን ሥራ ለመጻፍ ስክሪኑ የተሻለ ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሣጥኖቹ በሥዕል፣ ግንኙነታቸውም በቀስት ስለሚታይ አዲስ ሠራተኛ ቶሎ ይረዳዋል። ነገር ግን አንድ ኮምፒዩተር በሌላ ሲተካ በ400 ሥራዎች ላይ የተጻፈውን የኮምፒዩተር ስም 400 ጊዜ እየከፈቱ መለወጥ የሚቻል አይደለም። አውቶሬፕ የሚባለው ትእዛዝ በቋቱ ውስጥ ያለውን ሥራ ሁሉ መልሶ በጂል ቋንቋ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ታርሞ እንደገና ይገባል። የቀድሞው ጽሑፍ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ተነጻጽሮ የተለወጠው መስመር ይታያል። ለባልደረባ ተሰጥቶ ከመግባቱ በፊት ይነበባል። በሙከራ ኮምፒዩተር ላይ የተፈተነው ጽሑፍ ያው ራሱ ወደ ዋናው ይዛወራል። ሥዕል ለዚህ ሁሉ አይመችም። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች የየዕለቱን ጽሑፍ በየሌሊቱ እያስወጡ ያስቀምጣሉ፤ ሶፍትዌሩ ቢጠፋ ሥራው ምን እንደነበረ የሚናገረው ይህ ቅጂ ነው።

የዚህ ሁሉ ክብደት በግልጽ የታየው በብሪታንያ በ2012 ነው። የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን የቴክኖሎጂ ክፍል ጁን 17 ቀን የደንበኞችን ሒሳብ በየሌሊቱ የሚያድሰውን የሥራ ሰሌዳ ሶፍትዌር ወደ አዲስ እትም አሻሻለ። እንግዳ ነገር ሲታይ አዲሱን አንሥቶ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ተወሰነ፤ መመለሱ የሚያስከትለው ነገር ግን አስቀድሞ አልተፈተነም። አዲሱና የቀድሞው እትም እርስ በርስ የማይግባቡ መሆናቸው የታወቀው ከተመለሰ በኋላ ነበር። ሌሊቱ ሳይጠናቀቅ ነጋ፤ ያልተጠናቀቀው ሥራ በሚቀጥለው ሌሊት ሥራ ላይ ተደረበ። ከ6.5 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የናትዌስት፣ የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድና የአልስተር ባንክ ደንበኞች ተጎዱ። ሒሳባቸውን በትክክል ማየት ያቃታቸው፣ የቤት ብድራቸውን በወቅቱ መክፈል ያልቻሉ፣ በውጭ አገር ያለ ገንዘብ የቀሩ ነበሩ። የአልስተር ባንክ ደንበኞች ችግር እስከ ጁላይ ወር ዘለቀ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶቹ በኖቬምበር 2014 ባንኮቹን በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ፤ ከዚህ ውስጥ 42 ሚሊዮኑ የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን፣ 14 ሚሊዮኑ የጥንቃቄ ቁጥጥር ባለሥልጣን የወሰኑት ነው።

በዚያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ብዙ የተባለው ስለ ሶፍትዌሩ ነው። የተቆጣጣሪዎቹ ፍርድ ግን ያረፈው በሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን ባንኮቹ የቴክኖሎጂ አደጋን ለይቶ የማወቅና የመቆጣጠር ሥርዓት ባለማቆማቸው ላይ ነው። ይህ ፍርድ ከሙያው አንጻር ሲታይ ትክክለኛ ነው። ሰሌዳ አውጪው ሲቆም የባንኩ ፕሮግራሞች ሁሉ ደኅና ነበሩ፤ ወለድ የሚያሰላውም ሆነ መዝገብ የሚያርቀው አልተበላሸም። የተበላሸው የቅደም ተከተሉ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ሲጠፋ የትኛው ሥራ እንደሄደ፣ የትኛው በመካከል እንደቆመ፣ የትኛው ቢደገም ሒሳቡን ሁለት ጊዜ እንደሚጽፍ እያንዳንዱን እየመረመሩ መለየት ያስፈልጋል። በደብተሩ ዘመን ይህን የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ ነበር። ሥራው ጥቂት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው፤ በሺህ ለሚቆጠር ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር አይችልም።

ከ2012 ወዲህ አዲስ ዝንባሌ ታይቷል። ኤርቢኤንቢ በተባለው ኩባንያ ውስጥ በ2014 የተጀመረው ኤርፍሎው የሥራዎቹን ቅደም ተከተል የሚያስጽፈው በፓይቶን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ መስመር መደጋገም፣ ቅድመ ሁኔታ ማነጻጸር፣ በአንድ ትንሽ ጽሑፍ መቶ ሥራ መፍጠር ይቻላል። ብሩክስ በጄሲኤል ላይ ያቀረበው ወቀሳ ግማሹ በዚህ የተመለሰ ይመስላል፤ ሠሪዎቹ በዚህ ጊዜ ቋንቋ እንደሚያስፈልግ አውቀው ጀምረዋልና። የቀድሞዎቹም ሶፍትዌሮች የሥራ ጽሑፍን ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ጋር በአንድ ቦታ ለማስቀመጥ የሚያስችል መንገድ አበጅተዋል። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ በዚሁ ይታወቃል።

ለምን እንደለወጠ ግን አሁንም የሚታወቀው ጸሐፊው ከጻፈው ብቻ ነው። በጂል ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር አለ። ዲስክሪፕሽን ይባላል፤ ሥራው ምን እንደሆነ በሰው ቋንቋ የሚገለጽበት ነው። መሣሪያው ይህን መስመር አይተረጉመውም፣ በሥራው መሄድና መቆም ላይም ለውጥ አያመጣም። አንባቢው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ የተደወለለት ሰው ነው። መስመሩ ግዴታ ስላልሆነ፣ ባይጻፍም ጂል ሥራውን ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል።